«8:00» ስንት ሰዓት ነው? ልማድና ቅጽበታዊ ግንዛቤ በበይነገጽ ንድፍ

በበይነገጽ ንድፍ ጥናት «ቅጽበታዊ ግንዛቤ» ብዙ ጊዜ እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ይነገራል። የማኪንቶሽን ፕሮጀክት የጀመረው ጄፍ ራስኪን ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ስያሜውን ተችቷል፤ ሳያስተምሩት ለተጠቃሚው የሚገባው ነገር ቀድሞ የለመደውን የሚመስል ነው ይላል።

የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። በኢሉባቦር ከኖፓ ተነሥቶ መቱ ለሕክምና እንዲመጣ የተቀጠረ ሰው በስልኩ «8:00» የሚል መልእክት ቢደርሰው የሚረዳው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓትን ነው። የፕሮግራሙ ሠሪ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ተከትሎ ጠዋት ሁለት ሰዓትን አስቦ ከሆነ ታካሚው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱም በየልማዳቸው ትክክል ናቸው፤ ቀጠሮው የሚያልፈው ግን የታካሚው ነው።

በቀንም ረገድ ችግሩ ያው ነው። አሥራ ሁለት ወራት ብቻ በሚያስመርጥ ቅጽ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን የልደት ወር አይኖረውም። ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር በአማራጭነት መያዙ እንቅፋቱ ቴክኒካዊ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ሠሪው በልምድ ያካበተው ፈጣን ፍርድ የአዝራርን ቦታና የፊደልን መጠን በመወሰን ረገድ ሊታመን ይችላል። ሰዓትና ቀን በሚገቡበት ገጽ ላይ ግን ፍርዱ መላምት ነው፤ ገጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የቀጠሮ መልእክቱን ለታካሚዎች አስነብቦ «መቼ ትመጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።