የፋኖሱ ብርጭቆ ለምን ተሰነጠቀ?

አንድ ምሽት በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። የቤቱ ክዳን ሣር ነው፤ በአንድ በኩል ያፈሳል። ከጣሪያው የወረደች አንዲት ጠብታ በበራው ፋኖስ ላይ አረፈች። ቀጭ! አለ። ብርጭቆው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ነፋስ ገባና መብራቱን አጠፋው።

ያለን ፋኖስ እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ብርጭቆ የሚገኘው ከከተማ ነው፤ ከተማው ደግሞ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በዚህ የተነሣ የማታው ትምህርት ለአንድ ሳምንት ተቋረጠ።

ያን ዕለት በጨለማው ውስጥ አንድ አዛውንት ተማሪ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ዱላ አልነካው፤ ድንጋይ አልወደቀበት። አንዲት ጠብታ ውሃ እንዴት ትሰብረዋለች?»

እኛ ዘማቾች ስለ ሙቀትና ስለ ቅዝቃዜ አንድ ሁለት ነገር ተናገርን። ግን አጥርተን አላስረዳንም። መልሱን የሰጡን በሩ አጠገብ ለብቻቸው የሚቀመጡት ሸክላ ሠሪዋ እናት ናቸው። እኚህ እናት በክፍል ውስጥ ሲናገሩ የሰማናቸው ያን ዕለት ገና ነው።

«ገንቦም እንዲሁ ነው» አሉ። «ትኩሱን ገንቦ ከእሳት አውጥተሽ ነፋስ ላይ ካቆምሽው ይሰነጠቃል። ውጭው ይበርዳል፤ ውስጡ ገና ይነዳል። ሁለቱ ሲጓተቱ መሀሉ ይቀደዳል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ይህን ትምህርት የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው። የፋኖስ ብርጭቆና ጠርሙስ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ከመስተዋት ይሠራሉ። የጠርሙስን አሠራር ካወቅን የፋኖሱንም ጠባይ እናውቃለን።

ጠርሙስ ከምን ይሠራል?

የጠርሙስ ዋናው ጥሬ ዕቃ አሸዋ ነው። ይህን ስንናገር ብዙ ሰው ይስቃል። ነገሩ ግን እውነት ነው። አሸዋ በኃይለኛ እሳት ሲቀልጥ መስተዋት ይሆናል።

ሁሉም አሸዋ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ነጭና ንጹሕ አሸዋ ያስፈልጋል። ብረት የበዛበት አሸዋ መስተዋቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። በአገራችን ለመስተዋት የሚሆን አሸዋ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የሙገር ሸለቆ ነው።

አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ ወደ 1700 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ስለዚህ ሶዳ አሽ የሚባል ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል። ሶዳው አሸዋው ባነሰ ሙቀት እንዲቀልጥ ይረዳል። በስምጥ ሸለቆ ያለው የአቢያታ ሐይቅ ውሃ እንዲህ ያለ ሶዳ አለበት።

ነገር ግን አሸዋና ሶዳ ብቻ ቢቀልጡ የሚገኘው መስተዋት በውሃ ይሟሟል። ውሃ የሚያሟሟው ጠርሙስ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ሦስተኛ ነገር ይገባል። እሱም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ኖራው መስተዋቱ ውሃን እንዲችል ያደርገዋል።

አራተኛው ስብርባሪ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ ታጥቦና ተፈጭቶ ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል። ስብርባሪ ከጥሬው አሸዋ ቀድሞ ስለሚቀልጥ ነዳጅ ይቆጥባል።

እቶኑ

ድብልቁ ወደ እቶን ይገባል። እቶኑ እሳት በሚችል ጡብ የተሠራ ትልቅ ገንዳ ነው። ሙቀቱ ወደ 1500 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ግድም ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ገምቱት።

እቶን አንዴ ከተለኮሰ ለዓመታት አይጠፋም። ቢጠፋ በውስጡ ያለው የቀለጠ መስተዋት ይደርቃል፤ እቶኑንም ያበላሸዋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በፈረቃ ይሠራሉ። እኛ ተኝተን ሳለ፣ በበዓል ቀንም ቢሆን፣ እሳቱን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ጉርሻውና ቅርጹ

የቀለጠው መስተዋት እንደ ማር ይዝለገለጋል። መቀስ የሚመስል መሣሪያ ለአንድ ጠርሙስ የሚበቃውን ያህል ቆርጦ ይጥለዋል። ይህን ቁራጭ ጉርሻ እንበለው። ጉርሻው ከበዛ ጠርሙሱ ይከብዳል፤ ካነሰ ይሳሳል።

ጉርሻው የብረት ቅርጽ ውስጥ ይወድቃል። ቅርጹ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ጠርሙስ የሚወለደው ተዘቅዝቆ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ቆርኪ የሚገባበት አፉና አንገቱ ነው። ቀጥሎ አየር ይነፋበትና ውስጡ ክፍት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ገና ወፍራምና አጭር ነው።

ከዚያ ሌላ መሣሪያ አንገቱን ይዞ ይገለብጠውና ወደ ሁለተኛው ቅርጽ ያስገባዋል። እዚያ እንደገና አየር ሲነፋበት ተነፍቶ ከቅርጹ ግድግዳ ጋር ይገጥማል። ቁመቱንና ሆዱን የሚያገኘው አሁን ነው። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰኮንዶች ያልቃል።

ዱሮ ግን አየሩን የሚነፋው ሰው ነበር። የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በሶርያ አካባቢ የነበሩ ባለ እጆች የቀለጠ መስተዋት በቧንቧ ጫፍ ይዞ በአፍ መንፋትን ጀመሩ። ሥራው ለብዙ መቶ ዓመታት በዚሁ መንገድ ቀጠለ። በአሜሪካ የመስተዋት ፋብሪካዎች ብዙ ሕፃናት ከእቶኑ ሥር፣ ሌሊት ሳይቀር፣ ይሠሩ ነበር። ማይክል ኦወንስም በ10 ዓመቱ በመስተዋት ፋብሪካ ሥራ የገባ ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም.፣ በራሱ የሚሠራ የጠርሙስ መሣሪያ ለሥራ አበቃ። ከዚያ ወዲህ በአፍ የመንፋት ሥራና የሕፃናቱ ድካም እየቀነሰ ሄደ።

ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ

ከቅርጹ የወጣ ጠርሙስ መልኩ ሙሉ ነው፤ ግን ገና አልጠናም። እንዲሁ ውጭ ቢቀመጥ የላዩ ፈጥኖ ይበርዳል፤ ውስጡ ይዘገያል። የበረደው ሲኮማተር ካልበረደው ጋር ይጓተታል። ጉተታው በጠርሙሱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ትንሽ ሲነካ፣ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው፣ ይሰበራል።

ስለዚህ ጠርሙሶቹ ተሰልፈው ረጅም ዋሻ በሚመስል ምድጃ ውስጥ ያልፋሉ። በመግቢያው ላይ ወደ 550 ዲግሪ ይሞቃሉ። ከዚያ ሙቀቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ለመቅረጽ ጥቂት ሰኮንዶች በቅተው ነበር፤ ለማቀዝቀዝ ግን አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዋሻው ሲወጡ ይፈተሻሉ። ስንጥቅ ወይም ጎዶሎ የተገኘበት ተሰብሮ ወደ እቶኑ ይመለሳል።

እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋ ከእናታቸው የተማሩት ዕውቀትና የትልቁ ፋብሪካ ዕውቀት አንድ ነው። ከእሳት የወጣ ነገር አይቸኮልበትም። በየመንደሩ ባለ እጅን የሚንቅ ሰው ይህን ያስብበት።

ይህ ለቤታችን ምን ይጠቅማል?

ፋኖስ ስናበራ በመጀመሪያ ክሩን ዝቅ እናድርግ። ብርጭቆው ሲሞቅ ክሩን ቀስ ብለን ከፍ እናድርግ። የጋለ ብርጭቆ በእርጥብ ጨርቅ አንጥረግ። የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ ጠርሙስ አንጨምር። ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራ ይመስለናል፤ ድንገተኛ ሙቀት ሲያገኘው ግን ከስሱ ቀድሞ ይሰበራል።

ስብርባሪም በእርሻና በከብት መንገድ ላይ አይጣል። የባዶ እግረኛን እግር ይቆርጣል፤ የበሬን ሰኮና ያቆስላል። ደህናውን ጠርሙስ ለባለ ሱቁ ወይም ለቆራሌው እንመልስ። ታጥቦ እንደገና ይሞላል። የተሰበረውን ደግሞ ሰብስበን እንለየው።

ከሳምንት በኋላ አዲስ ብርጭቆ መጣ። ፋኖሱ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ተነሣ። ክሩን ዝቅ አድርገው የለኮሱት ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። አዛውንቱም ፈቀቅ ብለው «እዚህ ይቀመጡ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በበሩ አጠገብ ተቀምጠው አላየናቸውም።

አዲስ ቃላት

ጥሬ ዕቃ፦ ዕቃ የሚሠራበት ነገር።
እቶን፦ ኃይለኛ እሳት ያለበት ትልቅ ምድጃ።
ቅርጽ፦ የቀለጠው መስተዋት መልክ የሚይዝበት ብረት።
ስብርባሪ፦ እንደገና የሚቀልጥ የተሰበረ መስተዋት።
ፈረቃ፦ በየተራ መሥራት።

ጥያቄዎች

1. ኖራ ድንጋይ ባይጨመር ጠርሙሱ ምን ይሆን ነበር?
2. የጠርሙስ እቶን ለምን አይጠፋም?
3. የፋኖሱ ብርጭቆ ለምን ተሰነጠቀ? በራሳችሁ ቃል ጻፉ።
4. በመንደራችሁ ያሉ ባለ እጆች የሚያውቁትን አንድ ነገር ጠይቃችሁ ለክፍሉ ንገሩ።