«ዊንተሩ ይለፍና» ማለት ይብቃ!

ጀርመን ከገባችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው? በእነዚያ ዓመታት ስንቴ «ዊንተሩ ይለፍና ልጆቹን ይዘን አንድ ቦታ እንሄዳለን» ብላችኋል?

ዊንተሩ አለፈ። ሙቀቱ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ሠርግ ነበረ፣ ክርስትና ነበረ፣ የአዲስ አበባ ትኬት እሳት ሆኖ ነበር። በመሃል ልጆቹ ሁለት ቁጥር ጫማ ጨመሩ።

እውነቱን እንነጋገር። ያሰራችሁ ብርዱ ነው? ብርዱማ ሥራ ስትሄዱም አለ! ያሰራችሁ ሶፋው ነው። ቅዳሜን በስልክ የመግደል ልማድ ነው።

ልማድ ደግሞ ይቀየራል። ለመቀየር አንድ ውሳኔ ይበቃል። ውሳኔው የዛሬ ማታ ይሁን።

ኤርፉርት ሂዱ።

«ለምን ኤርፉርት?» ጥሩ ጥያቄ። በርሊን ሰፊ ነው፤ ልጅ ይደክማል፣ እናት ትበሳጫለች። ኤርፉርት የቱሪንገን ዋና ከተማ ብትሆንም አሮጌው ሰፈሯ በእግር ይዳረሳል። ጀርመን እምብርት ላይ ስላለች ከፍራንክፈርትም፣ ከበርሊንም፣ ከሙኒክም በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። አንድ የእኛ ጉዳይም አለባት፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

«ገንዘቡስ?» ቀድማችሁ ቁረጡ! የባቡር ዋጋ የጉዞው ቀን በቀረበ ቁጥር ይወደዳል። ዕድሜያቸው ከ15 በታች የሆኑ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሳፈራሉ፤ ስድስት ዓመት የሞላቸውን ትኬቱ ላይ ማስገባት ብቻ አትርሱ። ዛሬ የወሰነ፣ ከወር በኋላ ከሚወስነው ያነሰ ይከፍላል።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት አልፎ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። በእጃችሁ ያለው ብርሃን ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በጠዋት ውጡ! ቁርስ ላይ አትንዛዙ። በየቦርሳው ደግሞ ትርፍ ካልሲ ክተቱ። ልጅን ከብርዱ ይልቅ የሚያስለቅሰው የረጠበ ካልሲ ነው፤ ይህን የማታውቅ እናት የለችም።

ከዚያ ካርታውን ለልጁ ስጡት።

አዎ፣ ለስምንት ዓመቱ ልጅ! ሁልጊዜ እጁን እየጎተታችሁ «ና፣ ቶሎ በል» የምትሉትን ልጅ ዛሬ መሪ አድርጉት። ቢሳሳት ምን ትሆናላችሁ? ሃያ ደቂቃ ትዞራላችሁ። እሱ ግን «እኔ ነኝ ያመጣኋችሁ» ብሎ ይኮራል።

ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያው ኪካ መቀመጫው ኤርፉርት ነው። የፕሮግራሞቹ ገጸ ባሕርያት በከተማዋ መንገዶች ዳር በሐውልት ቆመዋል። ከሁሉም የሚታወቀው ዳቦው በርንድ ነው። እጁ አጭር፣ ፊቱ የተኮሳተረ፣ ቤቱ ገብቶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ መዋል የሚወድ፣ ሰው ባይጠጋው ደስ የሚለው ዳቦ! በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሌቦች ሰርቀውት ነበር፤ በኋላ ተገኝቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አጠገቡ ቁሙና ፎቶ ተነሡ። እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ባለፉት ዊንተሮች ማንን ትመስሉ ነበር?

ቀጥሎ ክሬመርብሩከ። የነጋዴዎቹ ድልድይ።

በድንጋይ የተሠራው በ1325 ነው። ግራና ቀኙን 32 ቤቶች ተደርድረውበታል፤ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፣ ከሥራቸው ሱቅ አለ። ሲሻገሩት ድልድይ አይመስልም። ቤቶቹ ስለሚጋርዱት ወንዙ ጨርሶ አይታይም፤ ተራ ጠባብ መንገድ ነው የሚመስለው። ለልጆቹ እንዳትነግሯቸው! ዝም ብላችሁ አሻግሯቸው። ከዚያ በጎን ወርዳችሁ ወንዙ ዳር ውሰዷቸውና «ዘወር በሉ» በሏቸው። ከታች የጌራ ውሃ በቅስቶቹ ሥር ይፈስሳል። ከላይ የቤቶቹ ጀርባ፣ መስኮቶቻቸው፣ መጋረጃቸው። «እዚያ ላይ ነበርን እንዴ?» ይላሉ። ታብሌት ላይ እንዲህ ሲገረሙ አይታችኋል?

ከተማዋ ውስጥ ካሉት ከአይሁድ ምኩራቡም፣ ከገዳሙም፣ ከምሽጉም አንዱን ምረጡ። ሁሉንም ለማየት የሚሮጥ ቤተሰብ ማታ ይጣላል። እኔ ብሆን ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ፔተርስበርግ ምሽግ ወጥቼ ከተማዋን ከላይ አሳያቸዋለሁ፤ ከፍ ከፍ ካሉ ማርቲን ሉተር በ1505 የመነኮሰበት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ይሻላል።

ካቴድራሉን ግን አትለፉት። ወደ በሩ የሚያወጡት 70 ደረጃዎች ናቸው። በአማርኛ እየቆጠራችሁ ውጡ! ልጆቹ ሠላሳ ላይ ይጠፋባቸዋል። ምን ችግር አለ? ወርዳችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ብርዱም ይለቃል። ግንቡ ላይ በ1497 የተሠራችው ግሎሪዮሳ የተባለችው ደወል አለች። ከ11 ቶን በላይ ትመዝናለች፤ የምትደወለው በትልልቅ በዓላት ብቻ ነው።

ከደረጃው ሥር የገና ገበያው ነው። ልብ በሉ፣ ገበያው የፈረንጆቹ ገና ሳይገባ ይዘጋል። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንሄዳለን» ካላችሁ ያመልጣችኋል። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ለምትጾሙት ቋሊማው ይቅርባችሁ፤ በስኳርና በቀረፋ የተጠበሰውን ለውዝ ግዙ። ትኩሱን በወረቀት ጠቅልለው ይሰጣሉ፤ ለእጅም ማሞቂያ ይሆናል። የትኩስ መጠጡ ኩባያ ማስያዣ ይከፈልበታል። ኩባያውን ልጁ ይመልስ፣ ሳንቲሙም የእሱ ይሁን።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ።

በ1624 ኤርፉርት ውስጥ አንድ ልጅ ተወለደ። ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ገና ወጣት ሳለ ግዕዝ ልማር ብሎ ተነሳ። አስቡት! በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ ማን ያስተምረዋል? አፕ የለም። ዩቲዩብ የለም። የሚያናግረው አንድ ኢትዮጵያዊ የለም። በጥቂት መጻሕፍት እየዳከረ ገፋበት። በ1649 ሮም ሄዶ ኢትዮጵያዊውን የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አልለቀቃቸውም! በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በአካባቢው መስፍን በኧርነስት ግብዣ ከኤርፉርት አጠገብ ያለችው ጎታ ድረስ መጡ። ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁለቱ ተቀምጠው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ።

ሉዶልፍ አቆመ? አላቆመም። የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው በ1698 ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል!

ሰውየው ቋንቋችንን የተማረው አስተማሪ ፍለጋ አገር ለአገር ተንከራትቶ ነው። የእናንተ ልጅ አስተማሪዎች ቤት ውስጥ ናቸው፤ እራት ላይ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ።

ይህን ለልጆቹ የምትነግሩት እሁድ፣ ጎታ ሄዳችሁ ይሁን። ሱቅ ዝግ ነው፣ ለግዢ የሚጎትታችሁ የለም። ከኤርፉርት ጎታ በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ አታጡትም።

በባቡሩ ውስጥ አንድ ሕግ አውጡ፤ ከጣቢያ እስከ ጣቢያ አማርኛ ብቻ! የጀርመንኛ ቃል ያመለጠው ሰው ለሁሉም ትኩስ ቸኮሌት ይጋብዛል። ሕጉ ወላጅንም ይጨምራል። «ተርሚን» ያለ ይከፍላል። «አንሜልዱንግ» ያለም ይከፍላል።

በጣም የሚጠነቀቁት ልጆቹ ናቸው። እናንተ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።