በሥዕል የተተረከ ሕይወት ለሴቶች ልጆቻችን



የቅዱሳንን ገድል በሥዕል እያሳዩ ሕፃናትን ማስተማር በቤተ ክርስቲያን የቆየ ልማድ ነው። በዘመናችን በልዩ ልዩ አገሮች በሒሳብና በሳይንስ ፈር የቀደዱ ሴቶችን ሕይወት በዚሁ መንገድ የሚተርኩ የልጆች መጻሕፍት ይታተማሉ። ለእኛ ልጆች ምን ይጠቅማሉ? እንዴትስ ይተረካሉ? በሦስት ሴቶች ሕይወት እንመልከት (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

1. ማሪያ አኜዚ
በ1718 በሚላኖ ተወለደች። አባቷ መምህራን ቀጥሮ አስተማራት። በ1748 ታላቅ የሒሳብ መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1750 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 14ኛ በቦሎኛ የሒሳብ መምህርነት ሾሟት። በኋላም ዕድሜዋን ድኾችንና ሕሙማንን ለማገልገል ሰጠች።

2. ካትሪን ጆንሰን
በ1918 በአሜሪካ የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃና የምታጥበውን ሳሕን ሳይቀር ትቈጥር ነበር። በከተማዋ ለጥቁር ልጆች ከ8ኛ ክፍል በላይ ትምህርት ስላልነበረ አባቷ ትምህርት ቤት ባለበት ሩቅ ሥፍራ ለቤተሰቡ ቤት ያዘ። በ1962 ጆን ግሌን መሬትን ለመዞር ወደ ጠፈር ከመነሣቱ በፊት የኮምፒዩተሩን ስሌት እርሷ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ።

3. ዶክተር ሰገነት ቀለሙ
የፍኖተ ሰላም ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው እርሻ አርመዋል፥ እንጨት ለቅመዋል፥ አንበጣ ሰብል ሲያወድም አይተዋል። ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ በምትዳርበት አገር በትምህርታቸው ጸኑ። ከዓለማያ ተመርቀው በአሜሪካ በዕፀዋት በሽታ ሳይንስ ዶክትሬት አገኙ። በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀበሉ። ከ2013 እስከ 2023 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መሩ።

ከሊማሊሞ በታች በዛሪማ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ሁሉ አቀንጭራንና አገዳ ቆርቁርን ያውቃል። ያ ማዕከል ሁለቱን በአንድነት የሚከላከል ዘዴ አጥንቷል፦ በሰብሉ መካከል የሚዘራው ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ተባዩን ያርቃል፥ አቀንጭራንም ያቀጭጫል፤ በማሳው ዙሪያ የሚተከለው የዝሆን ሣር ተባዩን ወደ ራሱ ይስባል። ሳይንስ ከጓሯችን የራቀ አለመሆኑን ልጆች ከዚህ ይረዳሉ።

4. እንዴት እንተርክ?
ሀ. ሽልማቱን በአጭሩ ተናግራችሁ በድካሙ ላይ ቆዩ። የዛሪማ ልጅ ናይሮቢን ባታውቅ ማረምንና እንጨት መልቀምን ታውቃለች።
ለ. በር የከፈተውን ሰው አሳዩ። የአኜዚና የጆንሰን አባቶች ባይተጉ የልጆቻቸው ተሰጥኦ እንደ ተቀበረ መክሊት በቀረ ነበር።
ሐ. ያልተደረገውን ለማሳመር ብላችሁ አትጨምሩ።
መ. መጽሐፍ ካልተገኘ ልጆቹ ታሪኩን በ4 ካርቶን ይሣሉት፦ እርሻው፥ አንበጣው፥ ትምህርት ቤቱ፥ የምርምር ሥራው።
ሠ. ወላጆች ባሉበት ተርኩ። ልጅቱን ከትምህርት አስቀርቶ የመዳር ምክር የሚመከረው በእነርሱ ዘንድ ነውና። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ መወሰኑንም አስታውሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በቁምስናችን ዘንድሮ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ አለች? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. ሴት ልጃችን እንድታጠና ከቤት ሥራዋ የትኛውን ወንድሟ ሊወስድላት ይችላል?
3. እንደ ጆንሰን አባት ለልጃችን ትምህርት ምን ልንተው ፈቃደኞች ነን?