ከጅላል በፊት የትኛዋ ላም ትሸጥ?

ጥያቄ፦ ቀብሪበያህ አካባቢ ከብት አረባለሁ። የካራን ዝናብ አጥሮ ግጦሹ ሳስቷል። የትኞቹን ላሞች ልሽጥ፣ የትኞቹን ላስቀር?

መልስ፦ አይዘግዩ። ደረቁ ወቅት ጅላል ከገባ ጅግጅጋ ገበያ የሚወጣው ሁሉ ከሲታ ስለሚሆን ዋጋው ይወድቃል፤ በጥቅምት፣ ሥጋ ሳይከዳቸው ይምረጡ።

አስቀድመው በእንስሳት ሐኪም እርግዝናቸውን ያስመርምሩ፤ ሦስት ወር የሞላው እርግዝና በእጅ ዳሰሳ ይታወቃል። ባዶ የሆነች፣ ጥጃም የማታጠባ ላም ቀድማ ትሸጥ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ይዩ። ጥርሷ ያለቀ ላም ደረቅ ሣር መንጨት ስለሚያቅታት፣ ርጉዝ ብትሆንም ጅላልን ላትሻገር ትችላለች። ጡቷ የተበላሸም ትሂድ።

የምታጠባዋን ግን ከሳች ብለው አይፍረዱባት፤ ሥጋዋ ወተት ሆኖ ጥጃዋ ላይ ነው።

በእርግዝናዋ መጨረሻ ያስወረደችውን ለሌላ አርቢ ከመሸጥዎ በፊት ደሟን ያስመርምሩ። ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ወተቷ ሳይፈላ አይጠጣ፣ የወረደውንም በባዶ እጅ አይንኩ።

ብዙዎች ጊደር ጥሩ ዋጋ ታወጣለች ብለው እሷን ሸጠው አሮጊቷን ያስቀራሉ። እኔ አልመክርም፤ ከድርቅ በኋላ መንጋውን የምትመልሰው ጊደሯ ናት። ካለፈው ድርቅ ጥጃዋን ይዛ የወጣችውን ላም፣ ቁመናዋ ባይማርክዎትም፣ ከነሴት ልጇ ያቆዩ።