ያልታየው ቅሪትና የደብረ ታቦር ብርሃን

ወገኖቼ፣ የዛሬው ትምህርታችን ነፍስ እንዳናጠፋ ስለታዘዝነው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ስለ ጦርና ስለ ጥይት ብቻ የተነገረ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እስኪ ወደ እርሻችን እንመልከት።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ፣ በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ውኃ የሚለማው ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ይደርሳል። ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ከሥጋና ከወተት የተከለከለው ጾመኛ የሚመገበው ይህንኑ አትክልት ነው፤ ቲማቲሙንም ብዙ ጊዜ በጥሬው። ለእግዚአብሔር ብሎ የጾመ ሰው ጤናው በገበሬው እጅ ወድቋል። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት።

በአትክልት ላይ የሚረጩት ማላታዮንን የመሰሉ መድኃኒቶች ተባይ የሚገድሉት በነርቭ ውስጥ ያለውን አንድ ኢንዛይም ከሥራ አውጥተው ነው። ያው ኢንዛይም በእኛም ነርቭ ውስጥ አለ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚገባ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ዳይሜቶኤት የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርግ በማጠብ ብቻ አይወገድም።

በአትክልቱ ላይ የሚቀረውን የመርዝ ቅሪት በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ለማየት ተመራማሪዎች ከሚደክሙባቸው መንገዶች አንዱ ፍሎረሰንስ ይባላል። ስሙን በ1852 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ ነው፤ ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚሰጥ አጥንቷል። በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች እንዲህ የሚያበራ ነገር ከኢንዛይሙ ጋር በወረቀት ላይ ይደረጋል፤ ከአትክልቱ የተጨመቀ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል። መርዝ ኢንዛይሙን ካገደው የብርሃኑ መጠን ይለወጣል፤ ለውጡንም የስልክ ካሜራ ያነበዋል።

ነሐሴ 13 በደብረ ታቦር በዓል የምናከብረው ብርሃንስ እንዲህ ያለ ነውን? አይደለም። ወረቀቱ የሚሰጠው የተቀበለውን ነው። ጌታ በታቦር ተራራ የገለጠው ግን የራሱን የመለኮቱን ብርሃን ነው፤ ከማንም አልተቀበለውም። የሰው እጅ ሥራ ሁሉ ወሰን አለው። ካራቴ የተባለው ተባይ ገዳይም ሆነ በድንች ላይ የሚረጨው ማንኮዜብ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ስለሆነ፣ ኢንዛይም ያለበት ወረቀት አያገኛቸውም። ወረቀቱ ምንም ስላላሳየ ብቻ «ንጹሕ ነው» ብሎ የሸጠ በሐሰት መስክሯል።

«አላወቅሁም» የሚል ይኖራል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያልቻለ ሰው ልጁን ወይም የግብርና ባለሙያውን ይጠይቅ። ዋጋ ሳይወርድ ልድረስ ብሎ ትናንት የረጨውን ዛሬ የለቀመ ግን ያውቃል። ቃየልም ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ አላውቅም ብሎ ነበር።

አስቀድሞ የሸጠስ ምን ያድርግ? ለንስሐ አባቱ ይናገር፤ የሚሰጠውንም ቀኖና ይፈጽም። ገና በማሳው ላይ ያለውን ግን ከመጨረሻው ርጭት ጀምሮ ቆጥሮ፣ ቀኑ ሳይሞላ አይንካው።