ለቮልስ ቦዲ ያገለገለ ዕቃ አመራረጥ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝገት የሚበላውን የአባቱን ቮልስ ለማደስ የተነሣ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «ፓራፋንጎ የት አገኛለሁ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ይሁን። የመጀመሪያው «መኪናዬ የስንት ሞዴል ነው?» የሚለው ነው።

የኋላውን መቀመጫ አንሡ። በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተመትቶ ታገኛላችሁ። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ በ118 የሚጀምረው የ1968 ነው። ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። የሞዴል ዓመት በፈረንጅ እንደሚቆጠር አትርሱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በቮልስ ተጭነው ከቤተ መንግሥት የወጡት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1974 መሆኑ ነው። ሻጭ «የ67 ነው» ሲላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ዕቃው ስለማይገጥም ነው። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ላይ እስከ 1967 ሞዴል የፊት መብራቱ ወደ ኋላ ጋደል ይላል፤ ከ1968 ጀምሮ ቀጥ አለ፣ ኮፈኑ አጠረ፣ ፓራውልቱም ተለወጠ። በ1965 መስታወቶቹ ስለሰፉ ከዚያ በፊት የነበረው የፊት መስታወት አይገባም። 1302 እና 1303 የሚባሉት ደግሞ አፍንጫቸው ረዘም ስለሚል የፊት ፓራፋንጎና ኮፈናቸው ለተራው ቮልስ አይሆንም።

አሁን ወደ ፍለጋው። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎ፣ በሮቹና ኮፈኖቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ከሌላ ቮልስ ፈቶ መግጠም ይቻላል። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ በብዛት ይገኛል፤ ግን ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዛችሁ በፊት በአጋሮና በሊሙ ገነት ግቢዎችና ጋራዦች ጠይቁ። በቡና አገር እርጥብ ሣር ላይ የቆመ መኪና ከታች ወደ ላይ ነው የሚዝገው። ስለዚህ ከእኛ አካባቢ ኮፈንና ጣሪያ ውሰዱ፤ የበር ታችና የመሳሰለውን እንደ ድሬዳዋ ካለ ደረቅ አገር የመጣ ብታገኙ ይሻላል።

ቀለም አያታልላችሁ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አንሸራትቱ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ የተሞላ ነው። የፓራፋንጎውን ጠርዝ ገልብጣችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉት፤ ከፈረፈረ ተዉት። አንጸባራቂ ቀለም ከተቀባው ይልቅ ተጨርምቶ ላሜራው ጤነኛ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ባትላሜራ ጭርምቱን ያቃናል፣ የበሰበሰውን ግን አይመልስም።

ስትፈቱ አትቸኩሉ። የፓራፋንጎው ብሎኖች 13 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳሉ። ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩ፤ ዳዶዎቹ ቦዲው ላይ የተበየዱ ናቸውና በጉልበት ከተጠመዘዙ ከላሜራው ተገንጥለው አብረው ይዞራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ብየዳ አይታሰሩም።

ብየዳ የሚጠይቁትን፣ ለምሳሌ የኋላ ጎኑን፣ ከሞተ መኪና ስታስቆርጡ ቆራጩ ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ስንዝር አስፍቶ ይቁረጥ። ትርፉን ማስወገድ ቀላል ነው፤ የጎደለውን መቀጠል ግን ቦዲውን ያጣምማል።

ከአሮጌ መኪና ፈጽሞ እንዳትገዙ የምመክረው ከበሩ ሥር በሁለቱም ጎን የሚሄደውን ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ነው። የሞተሩ ሙቀት በውስጡ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል፤ ቦዲውን ከወለሉ ጋር የሚያያይዘውም እሱ ነው። ከውስጥ ስለሚዝግ ከውጭ አይታወቅም። በወፍራም ላሜራ አዲስ አሠሩት። በቀኝ በኩል ከኋላ መቀመጫ ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለልም እንዲሁ፤ የባትሪ አሲድ በልቶታልና። ሣጥኑ ሲቆረጥ በሮቹ በቦታቸው ተዘግተው፣ ክፍተታቸውም በብረት ተደግፎ ይሁን፤ አለዚያ ቦዲው ይረግባል፣ በሩም አይዘጋም።

ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሻጩ ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደተፈታ መናገር ካልፈለገ አትግዙት። ከቀለም በፊት ሁሉንም ሳታጠብቁ ግጠሙ፣ በሮቹን ክፈቱና ዝጉ፣ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን እዩ። ከዚያ ፍቱት፤ ፀረ ዝገቱን ከውስጥም ከውጭም ቀቡ።