የቆርቆሮ ዓሣና ሂስታሚን፤ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ከገበያው ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ መደርደሪያውን የተመለከተ ሰው፣ ከፓስታውና ከቲማቲም ድልሁ አጠገብ የቆርቆሮ ዓሣ ተደርድሮ ሊያገኝ ይችላል። ገዢው ሁሉንም «ሳርዲን» ወይም «ቱና» ብሎ ይጠራዋል፤ ባለሱቁም እንዲሁ ብሎ ይሸጠዋል። የተለጠፈበትን ወረቀት አገላብጦ ላነበበ ግን በአንዳንዱ ላይ የተጻፈው ስም ማኬሬል ሆኖ ይገኛል። በጾም ወራት ዓሣ መብላት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ትተን፣ ነጋዴው ስለሚሸጠው ዓሣ ሊያውቀው የሚገባውን ከሳይንስ ምርምር ያገኘነውን ያህል እናቀርባለን።

ማኬሬል የባሕር ዓሣ ነው፤ በባሮ ወንዝም ሆነ በጣና፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አይገኝም። ከቱና ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ወገን ነው። በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚኖረው ዐይነት፣ ሌሎች ብዙ ዓሦች በውኃ ውስጥ ተንሳፈው እንዲቆዩ የሚረዳቸው የአየር ከረጢት ስለሌለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳያርፍ ሲዋኝ ይኖራል። ስቡ እንደ ወራቱ ይለዋወጣል፤ ዕንቁላሉን ከጣለ በኋላ በጣም ከስቶ፣ በበጋ በልቶ ከጠገበ በኋላ ግን ከመቶ 20 እጅ በላይ ስብ ይዞ ይገኛል። በአንድ ፋብሪካ የታሸገ ዓሣ አንድ ጊዜ ለስላሳ፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ደንበኛ «ተለወጠብኝ» ሲል ሁልጊዜ ተታለለ ማለት አይደለም።

በማኬሬልና በቱና ሥጋ ውስጥ ሂስቲዲን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ዓሣው ከተጠመደ በኋላ በበረዶ ሳይቀዘቅዝ የዋለ እንደ ሆነ፣ ባክቴሪያዎች ይራቡና ሂስቲዲኑን ሂስታሚን ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ሂስታሚን የበዛበትን ዓሣ የበላ ሰው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፊቱና አንገቱ ይቀላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ቆዳው ያሳክከዋል፤ ልቡ በኀይል ይመታል፤ አንዳንዱም ያስታውከዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይሻለዋል፤ የአስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ግን ከዚህ ሊከፋ ይችላል። ምልክቱ አለርጂን ስለሚመስል ሰውየው «ዓሣ አይስማማኝም» ብሎ ዝም ይላል። ቆርቆሮውን የሚጠረጥር የለም፤ ከዚያው ካርቶን የቀረውም መሸጡን ይቀጥላል።

«በቆርቆሮ የታሸገ በእሳት የበሰለ ነው፤ ምን ያመጣል?» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር እ.ኤ.አ. በ1810 ምግብን በተዘጋ ዕቃ አሙቆ የማቆየትን ዘዴ በመጽሐፍ ከገለጸ ወዲህ ጥበቡ እየተሻሻለ ሄዶ፣ ዛሬ ፋብሪካዎች ዝቅተኛ ኮምጣጣነት ያለውን ምግብ በታፈነ እንፋሎት እስከ 121 ዲግሪ ያህል ያሞቁታል፤ ይህም ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ጠንካራ ዘር ያጠፋል። (ሚዛን ተፈሪ ከፍታዋ 1,400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በተራ ድስት አፍልቶ ማሸግ የፋብሪካውን ሥራ የማይተካው ለዚህ ነው።) ሂስታሚን ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለምና እሳት አይገድለውም። ማብሰልም ሆነ ማሸግ፣ ማጨስም ሆነ በበረዶ ማድረቅ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ከ200 በላይ ሰዎች በዚሁ የታመሙት በፋብሪካ በታሸገ የቱና ቆርቆሮ ነበር። እንግዲህ ቆርቆሮው ምንም ያህል አብረቅራቂ ቢሆን፣ ዓሣው በጀልባዋ ላይ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደ መታው ሊነግረን አይችልም።

የሚነግረን ምርመራ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ ኮዴክስ ለዚህ ዐይነት ዓሣ የወሰነው ከፍተኛ መጠን በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው፤ ከ100 በላይ ከሆነም የመበላሸት ምልክት ነው ይላል። ከአንድ ጭነት አንዱ ዓሣ ንጹሕ፣ ጎረቤቱ መርዘኛ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቆርቆሮ መመርመር አይበቃም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከእያንዳንዱ የምርት ክፍል ዘጠኝ ናሙና እንዲወሰድ ያዛል። እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት ንግድ ቤት ለውጭ ሻጮች ደብዳቤ ሲጽፍ ስለ ዋጋ፣ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ገጽ ሙሉ ይጽፍ ነበር፤ ስለ ሂስታሚን ግን ለብዙ ዓመት አንዲት መስመር አልጻፍንም፤ ደብዳቤዎቹን የጻፍኋቸው እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔም ነው። አስመጪ ሁሉ በፕሮፎርማው ላይ የሂስታሚን ምርመራ ውጤት ከነምርት ቁጥሩ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ፣ ሐቀኛ ፋብሪካ አይቆጣም።

ለባለሱቁ ደግሞ ሌላ ሥራ ይቀረዋል። በእኛ አገር ዝናቡ ብዙ ወራት ይቆያል፤ የመጋዘኑ አየር እርጥብ ነው፤ ቆርቆሮም ይዝጋል። የጨው ጆንያ እርጥበት ስለሚስብ የዓሣ ካርቶን ከጎኑ አይቀመጥ፤ መሬት ላይም ሳይሆን በርብራብ ላይ ይደርደር። ሲጠረግ የሚለቅ ቀላል ዝገት ብዙም አያሠጋም፤ ሲነካ የሚቦረቡር ግን ይወገድ። በመጋጠሚያው ላይ የተጎደጎደም እንዲሁ። ያበጠ ቆርቆሮ አይከፈት፣ አይቀመስ፣ በግማሽ ዋጋም አይሸጥ።

ምግብ ቤቶች ርካሽ ስለ ሆነ ትልቁን ቆርቆሮ መግዛት ይወዳሉ፤ ጠዋት ከፍተው እስከ ማታ ይጠቀሙበታል። የተከፈተ ቆርቆሮ ካልተከፈተ ዓሣ የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም፤ ባክቴሪያ ከእጅና ከማንኪያ እንደገና ይገባና ሂስታሚኑን እንደ አዲስ ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ትንሹን ቆርቆሮ መሸጥ ለደንበኛው ይሻለዋል፤ ትርፉ ቢያንስም።

ቡና የሚሰበስቡ ባለሱቆችም ይህን ያስቡ፦ የሚያፈስ የዓሣ ቆርቆሮ ከቡና ጆንያ ጋር በአንድ ክፍል አይደር። ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይወስዳል፤ ቀማሹም ከሲኒው ያገኘዋል።

በቆርቆሮው ክዳን ወይም ታች የታተመው የምርት ቁጥር፣ ዕቃው ሲገባ ከሻጩ ስም ጋር በዕቃ መዝገብ ላይ ይጻፍ። አንድ ደንበኛ «በልቼ ፊቴ ቀላ» ብሎ ቢመጣ፣ ያን ቁጥር የያዘው ሁሉ በዚያው ሰዓት ከመደርደሪያ ይውረድ፤ ባዶውን ቆርቆሮም ሳይጣል ለጤና ቢሮ ሠራተኛ ማስረከብ ይገባል።